ትንበያው «ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ» እያለ ቤተሰቤን ይዤ ወጣሁ

አባት_ከሜሪላንድ

ሰላም ለቤቱ። ቅዳሜ ዕለት የደረሰብንን ልጻፍላችሁ። ሦስት ቀን አልፎታል፣ እኔ ግን እስካሁን በቅጡ አልተኛሁም። ሁላችንም ደህና ነን፤ እሱን አስቀድሜ ልበል። ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እናቴ ከባሕር ዳር ከመጣች ሁለት ወር ሆኗታል። ልጆቼ 11 እና 7 ዓመታቸው ነው። ባለ ሸራ ጀልባ መንዳት የተማርኩት ካቻምና ነው። ከጓደኞቼ ጋር ሰባት ስምንት ጊዜ ወጥቻለሁ። ቤተሰብ ይዤ ግን ወጥቼ አላውቅም ነበር። እማዬ አገሯ ሳትገባ አንድ ቀን ውሃ ላይ ላውላት ብዬ፣ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ካለችው አናፖሊስ ከተማ 8 ሜትር ገደማ የምትሆን ጀልባ ለግማሽ ቀን ተከራየሁ። ሐሳቤ እስከ ቶማስ ፖይንት ደርሰን መመለስ ነበር። ለማታውቋት፣ ቶማስ ፖይንት ውሃው መሃል በብረት እግሮች ላይ የቆመች፣ ቀይ ጣሪያ ያላት ነጭ የመርከብ መብራት ቤት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1875 ጀምሮ እዚያው ቆማለች። ልጆቹ ፎቶዋን አይተው ሳምንቱን ሙሉ ስለሷ ሲያወሩ ነው የከረሙት።

ዓርብ ማታ ትንበያውን አየሁ። ጠዋት ከደቡብ ከ5 እስከ 10 ኖት (የባሕር ፍጥነት መለኪያ) ነፋስ። ማዕበሉ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ከ8 ሰዓት በኋላ ነጎድጓድ፣ ዕድሉ 60 በመቶ። ጠዋት ለአከራዩ ደወልኩ። «ዛሬ ብትቀሩ ገንዘቡ አይመለስም» አለኝ። በቃ፣ 4 ሰዓት ተነስተን 7 ሰዓት እንመለሳለን፣ ነጎድጓዱ ሳይመጣ ቤታችን እንገባለን አልኩ።

የተነሳነው 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ወረቀት መፈረም፣ ስለ ጀልባዋ ማብራሪያ፣ መኪና ውስጥ የተረሳ ምሳ። በነዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። ጉዞውን ግን በዚያው ልክ አላሳጠርኩትም። መብራት ቤቷ ጋ ስንደርስ 7 ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ልጆቹ ፎቶ አነሱ። እማዬ ዳቦውን ቆርሳ ለሁላችንም አደለች።

ልክ እዚያ ላይ ነፋሱ ቀጥ አለ። ሸራው ተንጠለጠለ። ውሃው ዘይት የፈሰሰበት መሰለ። ቀና ብዬ ወደ ምዕራብ ሳይ፣ ከዋሽንግተን በኩል ያለው ሰማይ ጠቁሯል። ሞተር አስነስቼ ዋናውን ሸራ አወረድኩ። የፊቱን ልጠቀልል ስል ገመዱ ተያዘ። ባለቤቴን «መሪውን ያዢ» ብያት እየዳሁ ወደፊት ሄድኩ። መሪ ይዛ አታውቅም።

መጀመሪያ የመጣው ብርድ ነው። በዚያ ሙቀት መሃል፣ ማቀዝቀዣ የተከፈተ ያህል። ከብርዱ ጋር ዝናብ የመታው አፈር ሽታ መጣ። ከዚያ ነፋሱ ደረሰ። ያልተጠቀለለው የፊት ሸራ እንደ ጅራፍ ይጮህ ጀመር። ጀልባዋ በጎኗ ተኛች። ትልቁ ልጄ ከንፈሩን ከወንበሩ ጋር ተጋጭቶ ደማ። እማዬ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትንሿን በጉልበቶቿ መሃል አስገብታለች። ነጠላዋን በልጅቷ ራስ ላይ ጣል አድርጋ ሁለቱን ጫፎች በጥርሷ ነክሳ ይዛዋለች። እጆቿ ልጅቷን ነበር የያዙት። ያንን ነው ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የማየው።

ሃያ ደቂቃ ነው የቆየው። ገመዱ በመጨረሻ ተላቀቀልኝ። ጀልባዋን አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙረን፣ በሞተር ቀስ እያልን ባለንበት ቆየን። መብረቁ ከመብራት ቤቷ ወዲያ ሲወርድ ይታየን ነበር። ማታ ላይ መብራት ቤቷ ላይ ያለው የነፋስ መለኪያ የመዘገበውን ተመለከትኩ። ከ35 ኖት በላይ ነበር።

እሁድ ቡና ሲፈላ እማዬ እንዲህ አለችኝ፦ «ጠዋት ገና ስንወጣ ሰማዩ ደስ አላለኝም ነበር።» ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። «ለኔ ብለህ ገንዘብህን ከፍለህ፣ ምን ብዬ ላፍርስብህ?» ባለቤቴ ሲኒ እያጠበች ነበር። ሳትዞር «እኔም መቅረት ፈልጌ ነበር፤ እማዬ እንዳይከፋት ብዬ ነው» አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ዓርብ ማታ ሆዴ «ቅር» ብሎኝ ነበር። ያልቀረሁት እማዬና ልጆቹ ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው።

እንግዲህ ማን ነው መሄድ የፈለገው? ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ ሦስታችንም ሳንፈልግ፣ አንዳችን ለአንዳችን ብለን ሁለት ሕፃናት ይዘን ወጣን። የመጣሁበት ጥያቄ ይሄ ነው። ስለ ሸራው አስተምሩኝ፣ እሰማለሁ። ከሸራው ይልቅ ግን እንዲህ ያለውን ይሉኝታ በቤታችሁ እንዴት እንደምታልፉት ንገሩኝ።

ብርቱካን_ሻይ

ተመስገን! ነጠላው ጋ ስደርስ አለቀስኩ። እማማን ሳሚልን።

ሸራ_በነፋስ

እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። ባልቲሞር ነው የምኖረው። እዚህ ውሃ ላይ 14 ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ጥሩ ያደረግከውን ልንገርህ። ነፋሱ ቀጥ ሲል ዝም ብለህ አልተቀመጥክም። ዋናውን ሸራ ቀድመህ ማውረድህ ነው ያተረፋችሁ። ወደ ነፋሱ ዞረህ መቆየትህም ልክ ነው። በዚያ ጭለማ ወደብ ለመግባት ብትሮጥ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ወይም ሌላ ጀልባ ላይ ልትወጣ ትችል ነበር።

አሁን ስለ ትንበያው። «ከ5 እስከ 10 ኖት» የሚለው የቀኑ የተለመደ ነፋስ ነው። ነጎድጓድ ሲመጣ ያ ቁጥር አይሠራም። ነጎድጓድ የራሱን ነፋስ ይዞ ነው የሚመጣው። ከደመናው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ውሃው ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይፈነዳል። ያ የተሰማህ ብርድ እሱ ነው። ዝናቡ ሳይደርስ ነፋሱ የሚደርሰው ለዚህ ነው። ስለዚህ ትንበያ ስታይ «ነጎድጓድ» የሚለው ቃል ካለ፣ የነፋሱን ቁጥር ተወውና ሰዓቱን ያዝ።

እኛ አካባቢ ለትናንሽ ጀልባዎች ማሳሰቢያ የሚወጣው ነፋሱ ከ18 ኖት ጀምሮ ነው። ወደ 33 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። ብዙ ሰው «ማሳሰቢያ የለም፣ እንውጣ» ይላል። ግን የበጋ ነጎድጓድ ብዙ ጊዜ ማሳሰቢያ በሌለበት ቀን ነው የሚመጣው። ለሱ የሚወጣው ልዩ የባሕር ማስጠንቀቂያ ነው፤ 34 ኖትና ከዚያ በላይ ሲጠበቅ። እሱ ደግሞ የሚወጣው ደመናው ራዳር ላይ ከታየ በኋላ ስለሆነ የሚሰጥህ ጊዜ ትንሽ ነው። ቪኤችኤፍ ሬዲዮህ (የጀልባው መገናኛ) ተከፍቶ ነበር?

አባት_ከሜሪላንድ

ሬዲዮው ጀልባዋ ላይ ነበር። ድምፁን ግን ቀንሼው ነበር፣ ልጆቹ ሙዚቃ ከፍተው። ስልኬ ጮኾ ነበር፤ ቦርሳ ውስጥ ስለነበር አልሰማሁትም።

ሸራ_በነፋስ

ቻናል 16፣ የአደጋ ጥሪው መስመር፣ ሁሌም ክፍት ይሁን። ሙዚቃው ይቀነስ እንጂ እሱ አይቀነስ።

የሁለት_ልጆች_እናት

እኔ አላመሰግንህም፣ ይቅርታ። ታሪኩን አንብቤ ተናድጃለሁ። 60 በመቶ ነጎድጓድ ማለት ከመቅረቱ ይልቅ የመምጣቱ ዕድል ይበዛል ማለት እኮ ነው! ልጆች ይዞ የሚወጣ ሰው የገንዘቡን ነገር እንዴት ያነሳል? ይሉኝታ ላዋቂ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ማንን ይሉኝታ ያዛት? ልጆቹ ላይፍ ጃኬት ለብሰው ነበር ወይ? አንድም ቦታ አልጻፍከውም።

አባት_ከሜሪላንድ

ቁጣሽ ልክ ነው። ልጆቹ ከወደቡ ጀምሮ ለብሰው ነበር። እኔና ባለቤቴም ለብሰናል። እማዬ «አንገቴን አነቀኝ» ብላ አውልቃ ጎኗ አስቀምጣው ነበር። አላስገደድኳትም። ማዕበሉ ሲመጣ ለማልበስ ጊዜ አልነበረም። ይህን መጻፍ ከብዶኝ ነው የተውኩት።

የሁለት_ልጆች_እናት

እውነቱን ስለተናገርክ አመሰግናለሁ። ይኸው እሱም ይሉኝታ ነው። እናቱን «ልበሺ» ማለት ድፍረት መስሎት።

የሜሪላንድ ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከ21 ጫማ (6 ሜትር ተኩል ገደማ) ባነሰ ጀልባ ላይ መልበስ አለበት ይላል። ያንተ ጀልባ ከዚያ ትበልጣለች፣ አዋቂንም ሕጉ አያስገድድም። ሕጉ ባያስገድድም ግን ሁሉም ሰው ይልበስ። አንገት የማያንቅ፣ እንደ ቀበቶ ቀጠን ያለ፣ የሚነፋ ዓይነት አለ። ለአባቴ የገዛሁት እሱን ነው። ቀኑን ሙሉ ለብሶት ይውላል። ለትናንሽ ልጆች ግን የሚነፋው አይሆንም፣ መደበኛውን ነው የምታለብሰው።

የጣና_ዳር_ልጅ

ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። እናትህ ሰማዩን አይታ ደስ አላላትም ስትል አልገረመኝም። የጣና ሰው እንዲህ ነው። እዚህ ጠዋት ውሃው መስተዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ነጭ አረፋ ይጀምራል። ወደ ደቅና ዳጋ እስጢፋኖስ የሚሄድ ሰው ማልዶ የሚነሳው ለዚህ ነው። ዘጌ ቅርብ ነው፣ ቢሆንም ጀልባ ነጂዎቻችን እንግዳ ሲያረፍድባቸው ፊታቸው ይከፋል። እንግዳው የቸኮሉ ይመስለዋል። እነሱ ግን የመልሱን ነፋስ እያሰቡ ነው።

አንድ ነገር ላንሳ። ጣና ሰፊ ነው፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር። ጥልቀቱ ግን ትልቅ የሚባለው ከ15 ሜትር አይበልጥም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ቶሎ ይቆጣል። ማዕበሉ አጭርና ተደራራቢ ይሆናል። አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይመታሃል። የናንተውስ እንዴት ነው?

ሸራ_በነፋስ

ወንድሜ፣ ልክ እንደዚያው ነው! ቼሳፒክ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ብዙው ቦታ ረጅም ሰው ቆሞበት ሌላ ሁለት ሦስት ሰው ከላዩ ቢቆም ጫፍ ይደርሳል። ከውቅያኖስ የመጡ ሰዎች እንኳ የኛን አጭር ማዕበል አይወዱትም። እናትየው ጣናን እያየች ነው ያደገችው። ውሃውን አውቃዋለች ማለት ነው።

የጣና_ዳር_ልጅ

ታዲያ እሷ ነበረች ካፒቴኗ።

ጥብርያዶስ

ከእስራኤል ነኝ፣ ኪነሬት አጠገብ ነው የምኖረው። እናንተ የገሊላ ባሕር የምትሉት ነው። እዚህም ያው ነው። በጋ ላይ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ከሜዲትራኒያን በኩል የሚመጣው የምዕራብ ነፋስ ተራራውን ዘሎ ይወርዳል። ሐይቁ ከባሕር ወለል 210 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ነፋሱ ቁልቁል ነው የሚሮጠው። ውሃው ከ20 ደቂቃ በፊት ሕፃን የሚዋኝበት የነበረ፣ ድንገት ይናወጣል። ባሕር ዳርቻው ላይ ጥቁር ባንዲራ ሲሰቀል መዋኘት ክልክል ነው። ደጉ ነገር እሱ ነው፤ ባንዲራው ማንንም ይሉኝታ አያሲዝም። «እንቅር» የሚለውን አንተ ሳትሆን ባንዲራው ይልልሃል።

ወንጌሉ ላይ ደቀ መዛሙርቱ ማዕበል የያዛቸው እዚሁ ሐይቅ ላይ ነው። ካህኑ ሲያነቡት ከልጅነቴ ጀምሮ ተአምሩን ብቻ ነበር የምሰማው። እዚህ ከኖርኩ በኋላ ነፋሱንም እሰማዋለሁ። ከነሱ መሃል እኮ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ውሃውን እያወቁትም ፈርተዋል።

ብርቱካን_ሻይ

የባንዲራው ነገር ገባኝ። ማለትም ውሳኔውን ከሰው ላይ አንስቶ ለሌላ ነገር መስጠት ነው።

ሸራ_በነፋስ

እሱን ነው እኔም ልል የፈለግኩት። እኔ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ ገመድ ሳልፈታ የመመለሻውን ሰዓት ጮክ ብዬ እናገራለሁ። «6 ሰዓት ተኩል ሲሆን የትም ብንሆን እንዞራለን።» ብናረፍድም ሰዓቱ አይገፋም። መድረሻው ይቅር እንጂ ሰዓቱ አይነካም። የናንተ ስህተት እዚህ ላይ ነበር። መነሻው ሲገፋ መመለሻውም አብሮ ተገፋ።

ሁለተኛ፣ ሁሉንም በየተራ «እንሂድ ወይስ እንቅር?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከትንሹ ጀምሬ ነው የምጠይቀው፤ አዋቂ ቀድሞ ከተናገረ ልጅ እሱን ይከተላል። አንድ ሰው «እንቅር» ካለ እንቀራለን። ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

አንድ ክፉ ታሪክ ላንሳ፣ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የሆነ ስለሆነ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2004 ባልቲሞር ወደብ ውስጥ ሌዲ ዲ የምትባል የውሃ ታክሲ ድንገተኛ ነፋስ ገለበጣት። 25 ሰው ነበር የተሳፈረው፤ 5 ሰው ሞተ። ሌላው የተረፈው አጠገቡ የነበሩ የባሕር ኃይል ተጠባባቂዎች በራሳቸው ጀልባ ደርሰው ስላወጡት ነው። ከባሕር ዳርቻ ሩቅ አልነበሩም። ወደቡ ውስጥ ነበሩ። መርማሪዎቹ ሲያዩት ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ ጭና ነበር። የአንድ ሰው ክብደት 140 ፓውንድ ተብሎ ነበር የሚቆጠረው። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ (ኮስት ጋርድ) ቁጥሩን ወደ 185 ፓውንድ ከፍ አደረገው። እኔ «ቅርብ እኮ ነው፣ ምን እንሆናለን» የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር ያቺ ጀልባ ትዝ ትለኛለች።

የሁለት_ልጆች_እናት

በየተራ መጠየቁ ጥሩ ነው፤ ግን ያገራችን እናት ሰው ሁሉ እየሰማ «እንቅር» ትላለች? በጭራሽ። «እንደፈለጋችሁ ልጆቼ» ነው የምትለው። የኔ እናት እግሯ ተሰብሮ «ደህና ነኝ» ብላ ሠርግ ላይ አምሽታለች።

የጣና_ዳር_ልጅ

ልክ ነሽ። «ፈራሽ ወይ?» ብለሽ ብትጠይቂያት «አልፈራሁም» ትላለች። «እንቅር ወይ?» ብትያት ገንዘቡን ታስባለች። የኔን ዘዴ ልንገራችሁ፣ ከአባቴ ነው የወሰድኩት። ስለ ራሷ አትጠይቋት። ሌሎቹ ሳይሰሙ ለብቻዋ «ሰማዩን እንዴት አየሽው?» በሏት። ያኔ ምክር እየሰጠች ነው እንጂ ደስታችሁን እያፈረሰች አይደለም። ትናገራለች። በዝርዝር ነው የምትናገረው።

አባት_ከሜሪላንድ

ይህን አምስት ጊዜ አነበብኩት። እማዬ የምትመለሰው በሚመጣው ወር ነው። እሞክረዋለሁ።

አዲስ_ተማሪ

ይቅርታ፣ ስለ መብረቅ ልጠይቅ። ጀልባ ላይ ሆኖ ቢመጣ ምን ይደረጋል? የሸራው ምሰሶ ብረት አይደለም እንዴ?

ሸራ_በነፋስ

ነው፣ አሉሚኒየም ነው፤ ውሃው ላይ ደግሞ ከሁሉ ረዝሞ የሚታየው እሱ ነው። ሰው ወደ ውስጥ ይግባ። ምሰሶውንና ከሱ ጋር የተያያዙ የብረት ገመዶችን ማንም አይንካ። መሪ ላይ የሚቆይ ሰው ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ሁለት የብረት ነገር በሁለት እጁ አይያዝ። ነጎድጓዱ ካለፈ በኋላ ደግሞ የመጨረሻውን ድምፅ ከሰማችሁ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ከሁሉም የሚሻለው ያኔ ወደብ ላይ መሆን ነው።

አባት_ከሜሪላንድ *(ከሁለት ሳምንት በኋላ)*

ተመልሼ መጣሁ፣ ቃል ስለገባሁ።

ትናንት ቅዳሜ ጀልባ ያዝኩ። በዚህ ጊዜ አከራዩን አስቀድሜ «በአየር ጠባይ ምክንያት ብንቀር ቀን ትቀይርልኛለህ?» አልኩት። ይህኛው ሌላ ቦታ ነው። «እቀይራለሁ» አለ። በወረቀት ላይ አስጻፍኩት። ገንዘቡ ከመሃላችን ሲወጣ ነገሩ ምን ያህል እንደሚቀል አላውቅም ነበር።

ትንበያው እንደገና ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይል ነበር፤ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ 30 በመቶ። በነሐሴ እዚህ አካባቢ እንዲህ የማይልበት ቀን ስንት ነው? ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ። እማዬ እንደ ልማዷ ቀድማኝ ተነስታ በረንዳው ላይ ትጸልያለች። እስክትጨርስ ጠበቅኩና «እማዬ፣ ሰማዩን እንዴት አየሽው?» አልኳት።

ቶሎ አልመለሰችም። ነጠላዋን አጣፍታ እስከ በረንዳው ጥግ ሄደች። አንገቷን አዙራ ሁሉንም ማዕዘን አየች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ነፋሱን ጠበቀች። «ጠል ወርዷል፣ ጥሩ ነው። ያኛው ደመና ግን ሥሩ ጠፍጣፋ ነው፣ ፀሐይ ስትበረታ ያድጋል። እስከ ምሳ ሰዓት ደህና ነው። ከዚያ በኋላ እኔን አትውሰደኝ» አለችኝ። «እኔን አትውሰደኝ።» በ43 ዓመቴ እናቴ እንዲህ ያለ ቃል ስትነግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

1 ሰዓት ላይ ወደቡን ለቀቅን። 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን እንዞራለን አልን፤ ትልቁ ልጄ ሰዓት ያዥ ሆነ። መብራት ቤቷን ከሩቅ አየናት፣ አልደረስንባትም። ሰዓቱ ሞላና ዞርን። ልጁ ራሱ ነው «አባ፣ ሞልቷል» ያለኝ። እማዬ የሚነፋውን ቀበቶ ታጥቃ ነበር። 6 ሰዓት ሳይሞላ ወደቡ ላይ ዓሣ እየበላን ነበር። ዝናቡ የመጣው 11 ሰዓት ገደማ ነው፤ ቤት ሆነን ሰማነው።

የሁለት_ልጆች_እናት

ደስ ይላል፣ ከልቤ ነው። ትንሿስ? ስለሷ አልጻፍክም። እንደገና ጀልባ ላይ ለመውጣት እሺ አለች?

አባት_ከሜሪላንድ

አላለችም። መጀመሪያ የጠየቅኳት እሷን ነው፤ «እኔ እቀራለሁ» አለች። ባለቤቴ አብራት ቀረች። ወደቡ ላይ ሆነው ዳክዬ ሲመግቡ አረፈዱ። ስንመለስ ገመዱን የተቀበለችን እሷ ናት። የሚቀጥለው ቅዳሜም እጠይቃታለሁ፤ «እቀራለሁ» ካለች ትቀራለች።